ለአሮጌ የጌም ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ስትመርጡ

ኮምፒውተሬን የገጣጠምኩት በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። ውስጡ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ 16 ጊጋባይት ራምና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ ነበረው። ያኔ ጓደኞቼ ሊያዩት ቤት ድረስ ይመጡ ነበር። በ2023 መጨረሻ ካውንተር ስትራይክ 2 ሲመጣ ግን ነገር ተበላሸ። ብቻዬን ስሮጥ ደህና ነው። አምስት ለአምስት ተፋጠን ጭስ ሲወረወርና ጥይት ሲዘንብ ምስሉ ይንገጫገጫል፤ ሳልተኩስ ሞቼ ራሴን አገኘዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ መጥቶ አየና፣ "ካርዱ ነው ባክህ፣ አርጅቷል፤ ቀይረው" አለኝ። ብር ማጠራቀም ጀመርኩ። ደግነቱ ከመግዛቴ በፊት አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ለካሁት። ካርዱ ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ እኛም ከግዢ አንጀምርም።

ጥፋተኛውን መለየት

ጌም ስትጫወቱ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ፕሮሰሰሩ ያሰላል፦ ጥይቱ የት ደረሰ፣ ጠላት ወዴት ዞረ፣ ከሰርቨሩ ምን መጣ። ግራፊክስ ካርዱ የተሰላውን ይስላል። እንጀራ ሲጋገር አስቡት። ሊጡን የሚያቀብለው ሰው ከዘገየ ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል እንጀራው አይበረክትም። ምጣድ መቀየርም ምንም አይፈይድም።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር አውርዱ። የየትኛውም ኩባንያ ካርድ ላይ ይሠራል። አብሮት የሚመጣው ሪቫ ቲዩነር፣ ጌም እየተጫወታችሁ ቁጥሮችን በስክሪኑ ጥግ ያሳያችኋል። አራት ነገር እንዲያሳይ አድርጉ፦ ካርዱ በመቶኛ ስንት እየሠራ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር፣ ማለትም ውስጡ ያለ አስሊ፣ ስንት እየሠራ እንደሆነ፣ የሁለቱንም ሙቀት፣ እና ኤፍፒኤስ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚወጣ። ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ ቪሲንክን (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስረውን) እና የፍሬም ገደብን አጥፉ። ካላጠፋችሁ ካርዱ በገደቡ ምክንያት ሥራ ይፈታና ፕሮሰሰሩን በከንቱ ትወቅሱታላችሁ።

ከዚያ የለመዳችሁትን ጌም ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። የሚንገጫገጭበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ዓይናችሁን ጥጉ ላይ ጣል አድርጉ። ካርዱ ከ95 እስከ 99 በመቶ እየሠራ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ተዉት፤ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ዘግታችሁ ለካርድ አጠራቅሙ። ካርዱ 60 እና 70 ላይ ተቀምጦ ኤፍፒኤሱ ከወረደ ግን ሊጥ እየጠበቀ ነው።

የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ መቶኛ አትመኑ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የኔው 2600 6 ኮርና 12 ትሬድ አለው፤ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ፣ ማለትም ሁለት የሥራ መስመር፣ ይይዛል። ጌሙ አንዱን ትሬድ ብቻ እስከ ጥግ ቢያሠራው ጠቅላላው የሚነበበው 8 በመቶ ገደማ ነው። የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር "40 በመቶ" አለ ማለት ገና 60 በመቶ ትርፍ ጉልበት አለ ማለት አይደለም። ዋናውን ሸክም የያዘው ኮር ጀርባው ጎብጦ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫ ካስፈለጋችሁ አንድ ቀላል ፈተና አለ። የምስሉን ጥራት (ሬዞሉሽን) ከ1080 ወደ 720 አውርዱትና ያንኑ ቦታ ደግማችሁ ተጫወቱ። ካርዱ የሚስለው ምስል ስላነሰ ሥራው ቀለለ። ፕሮሰሰሩ ግን ያው የሚያሰላውን ያሰላል። ኤፍፒኤሱ ከዘለለ ጥፋቱ የካርዱ ነው። ካልተንቀሳቀሰ የፕሮሰሰሩ ነው። የኔ ካርድ ከስልሳ በመቶ አላለፈም፤ ጥራቱን ባወርደውም ኤፍፒኤሱ ንቅንቅ አላለም። በቃ፣ ተያዘ።

ብር ሳይወጣ የሚድን በሽታ

ፕሮሰሰሩን ጥፋተኛ ካደረጋችሁት በኋላም ቶሎ ወደ ገበያ አትሩጡ። የሰው እጅ ያሰነፈው ፕሮሰሰር ብዙ አይቻለሁ።

ታስክ ማናጀር ውስጥ ስለ ራም የሚናገረውን ገጽ ክፈቱ። ስንት ቀዳዳ እንደተያዘና ራሙ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ፕሮሰሰሩ ከሁለት መንገድ በአንዱ ብቻ እየተመላለሰ ነው። ባለ 8 ሁለት ራም፣ ከባለ 16 አንድ ራም ለጌም በጣም ይሻላል። አራት ቀዳዳ ባለው ቦርድ ላይ ሁለቱን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩ። ራሙ ላይ 3200 ተብሎ ተጽፎ ኮምፒውተሩ 2133 ወይም 2400 ካለ ደግሞ ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር አልበራም። ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር ነው) ገብታችሁ አብሩት። የራይዘን ፕሮሰሰሮች የራም ፍጥነት ላይ በጣም ስሱ ናቸው።

ቀጥሎ ሙቀት። ፕሮሰሰሩ ወደ 90 ዲግሪ ከተጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኩለሩን፣ ማለትም ማቀዝቀዣውን፣ አቧራ አራግፉለት፣ በእሱና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚቀባውን የደረቀ ቴርማል ፔስት ቀይሩለት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኩለር እንደ ቆላው ከተማ ያህል ሙቀት አያነሳም። ቅዝቃዜው ይክሰናል እንጂ። ድሬዳዋና አፋር ያላችሁ ግን አየሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ ለኩለር የምታወጡትን ብር አትሰስቱ።

እነዚህን አድርጋችሁ ካልተሻለው እንቀጥል።

የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው

"ጥሩ ፕሮሰሰር የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። "የኔ ቦርድ የሚቀበለው ጥሩ ፕሮሰሰር የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሲፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ነፃ ሶፍትዌር የቦርዱን ሙሉ ስም፣ የሶኬቱን (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን) ዓይነትና የባዮሱን ቁጥር ያሳያል። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በዚያው ስም ፈልጉ። እያንዳንዱ ቦርድ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለው፤ ከእያንዳንዱ ትይዩ ደግሞ ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። ሻጭም፣ ጓደኛም፣ እኔም ብንናገር ከዚያ ዝርዝር አትበልጡብኝ በሉን።

የኢንቴል ቦርድ ከሆነ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኤልጂኤ 1150 የሚባለው ሶኬት፣ ማለትም 4ኛው ትውልድ፣ ጣራው አይ7-4790 አካባቢ ነው። በርካሽ ከተገኘ ለጥቂት ጊዜ ያቆያል እንጂ ብዙ ብር አይገባውም። ኤልጂኤ 1151 ግን አታላይ ነው። ሶኬቱ አንድ ይመስላል፣ ፕሮሰሰሩም ይገባል፤ ነገር ግን የ100 እና የ200 ተከታታይ ቦርዶች የሚቀበሉት 6ኛና 7ኛ ትውልድን፣ የ300ዎቹ ደግሞ 8ኛና 9ኛን ነው። አይ5-7400 ያለው ሰው አይ5-9400 ገዝቶ ቢሰካ ኮምፒውተሩ አይነሳም። የ300 ቦርድ ላይ አይ5-8400 ካላችሁ ወደ አይ7-8700 ወይም አይ9-9900 መሄድ ስሜት ይሰጣል። ኤልጂኤ 1200 10ኛና 11ኛን ይይዛል፤ ኤች410 እና ቢ460 ቦርዶች ግን አብዛኞቹ 11ኛውን አይቀበሉም። ኤልጂኤ 1700 ገና አላረጀም። እሱ ላይ ያገለገለ የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 ሲቀርብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጎዳቸው እንደነበር ኢንቴል በ2024 አምኖ በባዮስ በኩል ማስተካከያ አውጥቷል። አስቀድሞ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አያድነውም፤ የሰው እጅ ላይ የነበረውን ደግሞ በዓይን ዓይታችሁ አትለዩትም።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ይግባ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ የሚሰጥበት ጊዜ ኦክቶበር 14፣ 2025 አልቋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ከ8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ነው። ስለዚህ አይ7-7700 ለመግዛት ያሰበ ሰው ጌሙን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ያስብ።

ከቢሮ የወጣ ዝግጁ ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርድ ሰክታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ፣ እኛ አገር ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ሶኬቱ ብቻ አይበቃም። ያ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ከየትኞቹ ፕሮሰሰሮች ጋር እንደተሸጠ እዩ። ከእነዚያ ውጪ ያለውን ባዮሱ ላይቀበል ይችላል። ዋቱ ከፍ ካለ ደግሞ ትንሿ ኩለር አትችለውም።

ኤኤም4 ከሆነ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቀመጥ፤ ከአሮጌ ቦርዶች ሁሉ የታደለው ኤኤም4፣ ማለትም የኤኤምዲ ራይዘኖች ሶኬት ያለበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች በማርች 2017 ሲወጡ የተሰኩበት ሶኬት፣ በ2024 የወጣ ፕሮሰሰርም ይሰካበታል። ቦርዳችሁ ኤ320፣ ቢ350፣ ቢ450፣ ቢ550፣ ኤክስ370፣ ኤክስ470 ወይም ኤክስ570 ከሆነ እዚህ ቤት ናችሁ። ባለ 1000፣ ባለ 2000 ወይም ባለ 3000 ራይዘን ካላችሁ ዓላማችሁ ባለ 5000 ነው። በመካከል የሚያቆም ነገር የለም። ከ2600 ወደ 3600 መሄድ ያሻሽላል፤ ሁለቱ በዋጋ ከተቀራረቡ ግን ለምን 3600 ላይ ትቆማላችሁ?

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ራይዘን 5 5600 ነው። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ)፣ 65 ዋት። ዋቱ ከ2600 ጋር እኩል ስለሆነ ፓወር ሰፕላይ መቀየር አያስፈልግም። በካርቶን ከተገዛ ኩለሩ አብሮት ይመጣል። 5600ኤክስ የሚባለው በከፍተኛው ፍጥነት የሚበልጠው 200 ሜጋኸርዝ ነው። ጌም ስትጫወቱ አታውቁትም። የረከሰውን ውሰዱ።

ራይዘን 7 5700ኤክስ 8 ኮርና 16 ትሬድ አለው፣ እሱም 65 ዋት ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ ከ5600 ያለው ልዩነት የተጋነነ አይደለም። ቀን የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አድርጋችሁ ማታ የምትጫወቱ ከሆነ ግን፣ እንደዚያ የሚኖር ጌመር ከተማው ውስጥ ሞልቷል፣ ለእሱ ጨምራችሁ ብትከፍሉ አትቆጩም። ኩለር ለብቻ መግዛት እንዳለባችሁ አትርሱ።

ከዚያ በስማቸው መጨረሻ 3ዲ ያለባቸው ይመጣሉ። 5800ኤክስ3ዲ በኤፕሪል 2022፣ 5700ኤክስ3ዲ በጃንዋሪ 2024 ወጡ። ልዩነታቸው ካሽ ነው፦ 32 ሳይሆን 96 ሜጋባይት። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለች የማጀት መደርደሪያ ናት። ራም ደግሞ ከመንገድ ማዶ ያለው ሱቅ ነው። ወጥ እየሠራችሁ ጨው በፈለጋችሁ ቁጥር ሱቅ የምትሮጡ ከሆነ ወጡ መቼም አይደርስ። መደርደሪያዋ ስትሰፋ ሩጫው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ካውንተር ስትራይክን የመሳሰሉ በፍሬም ብዛት የሚኖሩ ጌሞች፣ ከተማ የሚገነባባቸውና ሺህ ነገር በአንዴ የሚሰላባቸው ጌሞች በነዚህ ፕሮሰሰሮች የሚፈነጥዙት። ግን ካርዳችሁ ደካማ ከሆነ፣ እንደኔ 1660 ሱፐር ላይ ከሆናችሁ፣ በአብዛኛው ጌም ካርዱ ቀድሞ ይደክማል፤ የከፈላችሁት ብር ተኝቶ ይቀራል። ጠንካራ ካርድ ያለው ወይም በቅርቡ የሚገዛ ሰው ይግዛቸው። ሁለቱም 105 ዋት ናቸው፣ ከኩለር ጋርም አይመጡም። ስስ የኃይል ክፍል ባለው ርካሽ ኤ320 ቦርድ ላይ እኔ አልሰካቸውም፤ ዝርዝሩ ላይ ስማቸው ቢኖርም 65 ዋት ላይ እቆያለሁ።

አሁን ወጥመዱ። ራይዘን 7 5700፣ መጨረሻው ላይ ኤክስ የሌለው፣ ከ5700ኤክስ ጋር ወንድም አይደለም። ካሹ ግማሽ ነው፣ 16 ሜጋባይት። ከካርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመርም ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በሚባለው በቀድሞው፣ ዝግ ባለው ትውልድ ላይ ይቆማል። ራይዘን 5 5500፣ 5600ጂ እና 5700ጂ እንዲሁ ናቸው። 5500 በጣም ከረከሰ ባይከፋም፣ የ5600 ዋጋ ተጠይቆበት ከሆነ ዝለሉት። ጂ ያለባቸው ካርድ ለሌለው ሰው ጥሩ ናቸው፤ ካርድ ላለው ሰው ግን ውስጣቸው ላለው የማይጠቀምበት ግራፊክስ ያስከፍላሉ።

ይህን የማውቀው ተቃጥዬ ነው። የእህቴ ባል ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ ፕሮሰሰር እንዲያመጣልኝ በድምፅ መልእክት "5700" ብዬ ላክሁለት። ኤክሷን ዋጥኳት። እሱ ምን ያድርግ፣ ያልኩትን በትክክል አመጣ። ከቡናና ከበርበሬ ጋር የሚላክ ነገር አይደለም ልመልሰው። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ካርዱን ስላማልኝ ሲያንሰው ነው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ያገለገለ 5600 ገዛሁ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ስሙን በጽሑፍ፣ ከነፊደሉ፣ ከተቻለም ከፎቶ ጋር ላኩ። ዕቃው ራሱ ከእጅ መዳፍ ያነሰ ነው፤ ከፕላስቲክ ቅርፊቱ ሳይወጣ በእጅ ሻንጣ ይምጣ።

ያገለገለ ፕሮሰሰር መግዛት አያስፈራም። እንደ ግራፊክስ ካርድ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ብዙም አይሞትም። የሚጎዳው የሰው እጅ ነው። ኤኤም4 ላይ እግሮቹ፣ ማለትም ቀጫጭኖቹ መሰኪያዎች፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ 1,331 ናቸው። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከጎን በኩል ረድፍ በረድፍ እዩ። የተጎነበሰ ወይም የጎደለ ካለ አመስግናችሁ ተመለሱ። ከተቻለ ሻጩ ማሽን ላይ ተሰክቶ ሲፒዩ-ዚ ስሙን ሲያነብ ተመልከቱ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ሊፋቅም ሊጻፍም ይችላል።

ብሩ መቼ ነው የማይወጣው? የኔ ስሌት ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን ከአዲስ ቦርድ፣ አዲስ ፕሮሰሰርና አዲስ ራም ድምር ግማሹን ከተጠጋ፣ ትቼ ለሙሉው አጠራቅማለሁ። ግን ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ ክፉኛ ስለጨመረ፣ ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት የሚጠይቅ አዲስ ቦርድ ውስጥ መግባት ከበፊቱ ከብዷል። እጃችሁ ላይ ያለው ዲዲአር4 ሳታውቁት ውድ ዕቃ ሆኗል።

ባዮስ፣ መብራት ሳይሄድ

ይህ ክፍል አይዘለልም። በ2018 የተሠራ ቦርድ በ2022 የወጣን ፕሮሰሰር ከሰማይ አያውቀውም። አዲሱ ባዮስ መጫን ያለበት አሮጌው ፕሮሰሰር ተሰክቶ ሳለ ነው። መጀመሪያ ነቅላችሁ አዲሱን ከሰካችሁ ጥቁር ስክሪን ታያላችሁ፣ ተመልሳችሁም መንቀል ነው።

ከቦርዱ አምራች ገጽ ላይ የቦርዳችሁን ባዮስ አውርዱ። በስሙ ላይ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ የእናንተ አይደለም። አጠገቡ ያለውን ማስታወሻ አንብቡ፤ አንዳንድ ቦርድ መሸጋገሪያ የሆነ ሌላ ባዮስ አስቀድማችሁ እንድትጭኑ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ አዲሱን ከጫናችሁ በኋላ በጣም ያረጁትን ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ፋይሉን በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አድርጉና፣ ዊንዶውስ ውስጥ ሳይሆን ባዮሱ ውስጥ ካለው የራሱ መጫኛ አስገቡት።

ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መብራት ከሄደ ግን ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ ካላችሁ አሁን ነው ቀኑ። ከሌላችሁ ተዋሱ። ሰማዩ የሚያጉረመርምበት የክረምት ከሰዓት ላይ በፍጹም አትሞክሩት። ባዮስ ፍላሽባክ የሚባል ቁልፍ ያለው ቦርድ ከሆነ፣ ፕሮሰሰር ሳይኖርም ከፍላሽ መልሶ መጫን ስለሚቻል ትንሽ ተንፈስ በሉ።

መግጠም

ከመንቀላችሁ በፊት ዊንዶውሳችሁ ላይ ቢትሎከር፣ ማለትም የዲስክ መቆለፊያው፣ በርቶ እንደሆነና እንዳልሆነ አረጋግጡ። የዲስኩ መቆለፊያ ቁልፍ በፕሮሰሰሩ በኩል የሚጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ዊንዶውስ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወይም ቢትሎከሩን ለጊዜው አቁሙት። ባዮስ ከመጫናችሁ በፊት ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

1. ኮምፒውተሩን አብሩና ከባድ ጌም አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫወቱ። ቀልድ አይደለም። የደረቀ ቴርማል ፔስት እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል።

2. አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስወጡ። የሱፍ ሹራብ አውልቁ፣ ምንጣፍ ላይ አትሥሩ፣ የኬዙን ብረት በየጊዜው ንኩ።

3. የኩለሩን ብሎኖች በየተራ፣ ማዕዘን ለማዕዘን እያፈራረቃችሁ ትንሽ በትንሽ ፍቱ። ከኋላ ያለውን ብረት በሌላው እጅ ደግፉ፣ አለዚያ ይወድቃል። ከዚያ ኩለሩን ወደ ላይ አትሳቡት። ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አላሉት፣ ሲላቀቅ አንሱት። እኔ ያላደረግሁት ይህን ነበር። ቸኩዬ ሳብኩት፣ ፕሮሰሰሩ ማንሻው ሳይከፈት ኩለሩ ላይ ተለጥፎ እግሩን እየነቀለ ወጣ። ሰባት እግሮች ጎነበሱ። እርሳስ የሌለበት መካኒካል እርሳስ ጫፍ ውስጥ አንድ በአንድ እያስገባሁ ሳቃና አንድ ሰዓት ሄደ፤ ላቤን የጠረግሁበትን ሶፍት ብትቆጥሩት!

4. የሶኬቱን ማንሻ ከፍታችሁ አሮጌውን በጠርዙ ይዛችሁ አንሱ። አዲሱ ላይ አንደኛው ማዕዘን ጋ ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን አለ፤ ሶኬቱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አገናኙት። በራሱ ክብደት ጠብ ብሎ መግባት አለበት። መጫን ካስፈለገ አልተስተካከለም። ማንሻውን መልሱ። ኢንቴል ላይ እግሮቹ ሶኬቱ ውስጥ ናቸው፤ እዚያ ምንም ነገር፣ ጣትም ቢሆን፣ አይግባ።

5. አሮጌውን ፔስት ከኩለሩ ላይ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ፤ ፋርማሲ ታገኛላችሁ። አረቄ የሚሞክር አይጠፋም፣ ውሃ አለበት፣ ተዉት። ፕሮሰሰሩ መሐል ላይ አተር የምታህል አዲስ ፔስት አድርጉ። አታሰራጩት፣ ኩለሩ ራሱ ይጨፈልቀዋል።

6. ኩለሩን አስቀምጡ፣ ብሎኖቹን አሁንም ማዕዘን ለማዕዘን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የፋኑን ገመድ "ሲፒዩ ፋን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ ሰኩ።

መጀመሪያ ስታበሩት ስክሪኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ቢቆይ አትደንግጡ። ራሙን እየተለማመደ ነው። ከዚያ "ኤፍቲፒኤም" የሚል ቃል (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የቁልፍ ማስቀመጫ ነው) ያለበት መልእክት መጥቶ ዋይ ወይም ኤን ተጫኑ ሊላችሁ ይችላል። የቢትሎከሩን ቁጥር ከያዛችሁ ወይም ካቆማችሁት ዋይን ተጫኑ። አዲሱ ባዮስ የድሮውን ቅንብር ስላጠፋ ኤክስኤምፒን ደግማችሁ አብሩ። ሴኪዩር ቡት የሚባለውን የባዮስ የጥበቃ ቅንብርም እዩት፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ቫሎራንትን የመሳሰሉ ጌሞች እሱ ካልበራ አይከፈቱም።

አሁን ያቺን የመጀመሪያ ቅዳሜ ፈተና ድገሟት። ያው ጌም፣ ያው ቦታ፣ ያው ቅንብር። የኔ ካርድ በዚያው ጭስ ውስጥ 95 በመቶን አለፈ፣ መንገጫገጩም ቀረ። ካርዱ አሁን ጥግ ደረሰ ብላችሁ እንዳትከፉ፤ ምጣዱ ሥራ ያገኘው ገና አሁን ነው። ሙቀቱን ግማሽ ሰዓት ተከታተሉ። 90 ዲግሪን ከነካ ፔስቱ አልተዳረሰም ወይም ኩለሩ በአንድ ጎን አልጠበቀም፤ ፍቱና ድገሙት።

አሮጌውን ፕሮሰሰር ወዲያው አትሽጡት። በአዲሱ ባዶ የፕላስቲክ ቅርፊት ውስጥ ከታችና ከላይ ዘግታችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል መሳቢያ ውስጥ አቆዩት። አዲሱ ድንገት ቢያጠፋ ቦርዱ ይሁን ፕሮሰሰሩ የምትለዩት መልሳችሁ በመሰካት ነው። የኔው 2600 አሁን የጎረቤት ልጅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ከነዚያ ከተቃኑት ሰባት እግሮቹ ጋር።